ድምፁን ሲያውስ የኖረው ቀልደኛ

እኛ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ባለው ደጋ ያደግን ልጆች የህንድን ፊልም ያወቅነው በቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት፣ ላላየው አንባቢ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት አንድ ክፍል ሲሆን ከፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል። መብራት በሄደ ቁጥር ፉጨት፣ በመጣ ቁጥር ጭብጨባ ነበር። ፊልሙ ትርጉም የሚባለው ዓይነት እንደ ሆነ አንድ ሰው ብቻውን ለጎረምሳውም ለልጃገረዲቱም፣ ለሽፍታውም ለእናቲቱም በአማርኛ ይናገርላቸዋል። ዘፈን ሲመጣ ግን ተርጓሚው ዝም ይላል። ያን ጊዜ ተዋናዩ ከዛፍ ዛፍ እየሮጠ አፉን ይከፍታል፤ እኛም ፍቺውን የማናውቀውን ቃል ጆሯችን እንደ ያዘልን ይዘን፣ በብርዱ መንገድ እያንጎራጎርን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።

የዘፈነው ያው አፉን ያንቀሳቀሰው ሰው ስለ መሆኑ የምንጠራጠርበት ምክንያት አልነበረንም። ወሎ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአንቺ ሆዬና የአምባሰል አገር ነው፤ እንዲያውም ባቲና አምባሰል የቦታ ስም መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። በእኛ አገር በሰርግ ዳስ ውስጥ መሰንቆውን የያዘው አዝማሪ የሚዘፍነው በገዛ ጉሮሮው ነው። ቢያወድስም፣ ቢሸረድድም፣ ባላባት ቢያስቀይምም ተጠያቂው ራሱ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብተን አንድ የዶርም ጓደኛችን እነዚያ የህንድ ጀግኖች አንድም ቀን ዘፍነው እንደማያውቁ፣ የሚዘፍንላቸው ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሌላ ሰው እንደ ሆነ ሲነግረን፣ በገበያ መካከል እንደ ተታለለ ሰው ቅር አለን።

የሆነ ሆኖ ነገሩን ስንከታተለው፣ ከእኛ አስቀድሞ በዚህ ማታለል የሳቀ፣ ሳቁንም በፊልም ሠርቶ ለአገሩ ሕዝብ ያሳየ ሰው መኖሩን ደረስንበት። የሚያስገርመው ደግሞ ይኸው ሰው ራሱ ከዋነኞቹ ድምፅ አዋሾች አንዱ መሆኑ ነው። ኪሾር ኩማር ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው የእርሱን ሕይወት ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኪሾር ኩማር በኦገስት 4 ቀን 1929 በመካከለኛው ህንድ ካንድዋ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ የቤንጋል ሰዎች ሲሆኑ አባቱ በካንድዋ ጠበቃ ነበሩ። የወላጆቹ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ መጀመሪያ የወጣለትም ስም አብሃስ ኩማር ጋንጉሊ ነው። ታላቅ ወንድሙ አሾክ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ስለሚበልጠው እንደ አባት ይቈጠር ነበር። ኪሾር ገና ሕፃን ሳለ አሾክ ወደ ቦምቤይ፣ ማለት ዛሬ ሙምባይ ወደምትባለው ከተማ ሄደና ቦምቤይ ቶኪስ በተባለው ስቱዲዮ የፊልም ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ ክፍል ድንገት ተስቦ ወጥቶ በ1936 ዓመት ዋና ተዋናይ ተደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው አቹት ካንያ የተባለው ፊልም የአንድ ብራህሚን ወጣትና የአንዲት ዝቅተኛ ተብላ የተናቀች ልጃገረድ ፍቅር ሲሆን አሾክን በመላው ህንድ አስጠራው።

በዚህ ፊልም አሾክ የዘፈነው ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩ እንዲያ ነበር። በህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም አላም አራ በ1931 ሲወጣ ሰባት ዘፈን ነበረበት፤ ተዋናይ ሆኖ መዝፈን አለመቻል ፈረስ ሳይጋልቡ ፈረሰኛ እንደ መባል ይቈጠር ነበር። ሙዚቀኞቹ ካሜራው እንዳያያቸው ከዛፍና ከግድግዳ ጀርባ ተደብቀው ይመቱ ነበር። በ1935 በካልካታ ዘፈኑን አስቀድሞ በስቱዲዮ መቅረፅና ተዋናዩ በኋላ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ መልክና ድምፅ ተለያዩ። መልክ ያለው በብርሃኑ ፊት ቆመ፤ ድምፅ ያለው ከማይክሮፎኑ ጋር በጨለማው ክፍል ቀረ።

ይህ መለያየት ምን ያህል እንደ ደረሰ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1949 ማሃል የተባለ ፊልም ወጣ። አሾክ ዋናው ተዋናይ ሲሆን ከእርሱ ጋር የተጫወተችው ማዱባላ የተባለች መልከ መልካም ወጣት ነበረች። በፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ዘፈን አገሩን ሁሉ አናወጠ። ሸክላው ላይ በዘፋኝነት የተጻፈው ስም ግን ካሚኒ የሚል ነበር፤ ካሚኒ ማለት ማዱባላ የተጫወተቻት የልብ ወለድ ሴት ናት! እውነተኛዋን ዘፋኝ ማንም አልጠቀሳትም። ሰሚዎች በደብዳቤ ብዛት ሬዲዮውን ካስጨነቁ በኋላ ነው ላታ ማንጌሽካር የሚለው ስም የተገለጸው። እኛ በመካነ ሰላም የተታለልነውን መታለል ህንዶቹ ራሳቸው ቀድመው ቀምሰውታል ማለት ነው።

ወደ ኪሾር እንመለስ። አሾክ ያወራ እንደ ነበረው ኪሾር በልጅነቱ ድምፁ ሻካራ ነበር። አንድ ቀን እግሩ በስለት ተቈረጠና ብዙ ቀን ሳያቋርጥ አለቀሰ፤ ከልቅሶው በኋላ ድምፁ ጠርቶ ተገኘ። ጨዋታው የወንድም ጨዋታ ስለ ሆነ አንባቢው እንደ ወደደ ይቀበለው። ኮሌጅ የገባው በኢንዶር ከተማ ነው። በተማሪነቱ የሚታወሰው በትምህርቱ ሳይሆን በዱቤው ነው፤ የኮሌጁ ሻይ ቤት አምስት ሩፒና ዐሥራ ሁለት አና ዕዳ እንደ ነበረበት፣ ባለ ሻይ ቤቱ በጠየቀው ቁጥር ብርጭቆ እየመታ ዕዳውን በዜማ ይደግመው እንደ ነበር ይነገራል። ያ የዕዳ ልክ ከብዙ ዓመት በኋላ በፊልም ውስጥ ዘፈን ሆኖ ወጣ። የካፌ ዱቤ መዝገብ ላይ ስማችን ያለ ሁሉ ይህን ሰው መውደዳችን ስለዚህ ብቻ እንኳ ተገቢ ይመስለናል።

ወደ ቦምቤይ ሲሄድ ምኞቱ መዝፈን ብቻ ነበር። ይመለክ የነበረው ሳይጋል የተባለው ዘፋኝ ተዋናይ ሲሆን ኪሾር የእርሱን ድምፅ አስመስሎ መዝፈን ያውቅ ነበር። በ1948 ዚዲ በተባለው ፊልም ለዴቭ አናንድ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ የሳይጋል ጥላ ያረፈበት ነው። ኤስ ዲ በርማን የተባሉት የዜማ ደራሲ ግን ሰምተውት፣ የሌላ ሰው ድምፅ መቅዳቱን ትቶ የራሱን እንዲፈልግ መከሩት ይባላል። የራሱን ያገኘው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቀልድ ሲሆን ሁለተኛው ከውጭ አገር ሸክላ የተማረው ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን ድንገት እየሰበሩ የማንከባለል ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በአልፕስ ተራራ እረኞች ከገደል ገደል የሚጣሩበት ነው። ወደ ዐባይ በሚያወርደው ገደል አፋፍ ከብት የጠበቀ የቦረና ልጅ ሊያስረዱት አያስፈልግም።

ቤተ ሰቡ ግን የወንድሙን ፈለግ ተከትሎ ተዋናይ እንዲሆን ፈለገ፤ ሆነም። ሳይወድ ስለ ገባበት ሥራውን ያበላሽ ነበር። ቃሉን ይረሳል፤ አልቅስ ሲሉት ይስቃል፤ ከካሜራው ፊት ይጠፋል። ሊያባርሩት ይችላሉ ብሎ ያደረገው ሁሉ ሕዝቡን ስላሳቀው ይበልጥ ተፈላጊ አደረገው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ ስለማያውቅም ብዙ የዜማ ደራሲዎች ይንቁት ነበር። በ1958 ራጊኒ በተባለው ፊልም ሲጫወት ረቂቅ የሆነ የጥንት ዜማ መጣ። አዘጋጆቹ ዜማውን ለእርሱ አላመኑበትም፤ መሐመድ ራፊ እንዲዘፍን ተደረገ። እንግዲህ ዘፋኙ ኪሾር በካሜራ ፊት ቆሞ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ አፉን አንቀሳቀሰ። ኋላ የሠራውን ለመረዳት ይህችን ነገር መያዝ ይጠቅማል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ኪሾር ያለ ማመንታት ወደ ሳቁ ገባበት። በ1956 የወጣው ኒው ዴልሂ አንድ የፑንጃብ ወጣት በዋና ከተማይቱ ቤት ለመከራየት ሲፈልግ አከራይ ሁሉ የአገሬ ልጅ ካልሆነ አላከራይም ስላለው፣ ታሚል መስሎ ስለ መግባቱ ነው። እኛ አገር ዶርም ድልድል በወጣ ማግስት ተማሪው አልጋውን በአገር ልጅነት ሲለዋወጥ ላየ ይህ ፊልም ሩቅ አይሆንበትም። በ1958 ደግሞ ቻልቲ ካ ናም ጋዲ ወጣ። ሦስቱ ወንድማማቾች፣ አሾክ፣ አኑፕና ኪሾር፣ በአንድ የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ወንድማማቾች ሆነው ተጫወቱ፤ ኪሾር የሚወዳት ልጃገረድም ያች የማሃሏ ማዱባላ ናት። ኪሾር ፊልሙ እንዲከስር ፈልጎ፣ ኪሳራውንም ለግብር ሰብሳቢዎቹ ሊያሳይ አስቦ እንደ ነበር ይወራል። ፊልሙ ግን እንደ ጎርፍ ገንዘብ አመጣበት።

በ1962 ሃፍ ቲኬት በተባለው ፊልም አንድ ጎልማሳ የባቡር ግማሽ ዋጋ ለመክፈል ሕፃን መስሎ ይሳፈራል። በውስጡ ወንድና ሴት የሚቀባበሉት ዘፈን አለ። ሴቷን ልትዘፍን የታሰበችው ላታ ማንጌሽካር በቀረጻው ቀን ስላልተገኘች ኪሾር ሁለቱንም ድምፅ እራሱ እዘፍናለሁ አለ፤ ዘፈነም። በፊልሙ ላይ ቀሚስ ለብሶ የሴቷን ድምፅ ሲያወጣ ሕዝቡ የሚስቀው በቀሚሱ ብቻ አልነበረም። የፊልሙ ዓለም ድምፅንና መልክን እንዳሻው እየቀጣጠለ እንደሚኖር እዚያው ፊት ለፊት እየታየ ነውና!

ከሁሉ የበለጠውን ግን በ1968 አመጣው። ፓዶሳን ይባላል፤ ጎረቤቲቱ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ በላፕቶፕ ይዘነው ሄድንና ለሰፈር ልጆች እየተረጎምን አሳየናቸው። ቦላ የተባለ የዋህ ወጣት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ቤት የምትኖር ቢንዱ የተባለች ልጃገረድ ይወዳል። ቢንዱ የምትወደው ዘፈን ሲሆን የዘፈን አስተማሪ አላት፤ ከደቡብ ህንድ የመጣ ቁንዳላ ያለው መምህር ነው። ቦላ ድምፁ የአህያ ነው። ጓደኞቹ ሊያስተምሩት ሞክረው ሲያቅታቸው የቡድኑ አለቃ፣ አፉ በቅጠል የቀላ፣ ፀጉሩ የተበጠበጠ የሠፈር ተዋናይ፣ ዘዴ ያገኛል። ቦላ በመስኮቱ ይቆምና አፉን ይከፍታል፤ አለቃው ከሥር ተደብቆ ይዘፍንለታል። ይህን አለቃ ሆኖ የተጫወተው ኪሾር ነው።

ቢንዱ ታምናለች። በዘፈኑ ትማረካለች። የመስኮቱ አራት ማዕዘን ልክ የሲኒማ መጋረጃ ነው፤ ቢንዱም በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጥን እኛው ነን። የቦምቤይ ፊልም ሠሪዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሠሩበት የኖሩትን ብልሃት ኪሾርና ጓደኞቹ የጎረምሶች ተንኮል አድርገው በአንዲት መስኮት ውስጥ አሳዩት። ካሜራው ከመስኮቱ ሥር ወርዶ የተደበቀውን ዘፋኝ ላብ ሲያሳይ፣ ሲሳሳትና ቦላም አብሮ ሲሳሳት፣ የሰፈራችን ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን አልሳቀም፤ እንግዲያው የሌሎቹም ሁሉ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን።

የፓዶሳን ቀልድ ከዚህም የጠለቀ ነው። የዘፈን አስተማሪውና የቦላ ድምፅ በመስኮት ለመስኮት የሚፎካከሩበት ረዥም ዘፈን አለ። አስተማሪውን ሆኖ የተጫወተው መህሙድ የተባለው ኮሜዲያን ነው፤ የሚሰማው ግን የማና ዴ ድምፅ ነው። ቦላን ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዳት ነው፤ የሚሰማው የኪሾር ነው። ቢንዱን የተጫወተችው ሳይራ ባኑ ስትሆን የምትዘፍንላት ላታ ናት። በአፍ ማንቀሳቀስ የሚሳለቀው ፊልም እራሱ በአፍ ማንቀሳቀስ የተሠራ ነው። ሁሉም አስመሳይ ሲሆን፣ አጭበርባሪ ሆኖ የቀረበው የኪሾር ሰው ብቻ ነው በገዛ አፉ የሚዘፍነው! ማና ዴ የጥንቱን ሙዚቃ ከልጅነቱ የተማረ ሰው ስለ ነበር፣ በድርሰቱ ትእዛዝ በአንድ ባልተማረ ቀልደኛ መሸነፉ ደስ አላሰኘውም ይባላል። ራጊኒ ላይ ድምፁ የተናቀበት ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ በሳቅ ብድሩን መለሰ ማለት ይቻላል።

ቢንዱ ማታለሉን ስትደርስበት አትስቅም። ትቈጣለች፤ በቁጣዋም አስተማሪውን ለማግባት እሺ ትላለች። ፊልሙ እንደ ልማዱ በሰርግ ያልቃል፤ ቁጣዋ ግን ትክክል እንደ ሆነ ተመልካቹ እያወቀ ይወጣል። አንድ ነቀፌታ አለን፤ ደቡብ ህንዳዊውን በአነጋገሩና በቁንዳላው መሳቂያ ማድረጉ አላማረንም። ያው ኪሾር በኒው ዴልሂ የተሳለቀበትን የጎጠኝነት ዓይን ፓዶሳን መልሶ አንሥቶታል።

የፊልሙን ሰዎች ጠባይ ደግሞ ከካሜራው ውጪም ይሳለቅበት ነበር። ፊልም አሠሪ ሙሉ ገንዘብ ሳይከፍል ከቀረ ኪሾር ፊቱን በግማሽ ብቻ ተቀብቶ ይመጣ እንደ ነበር፤ ምክንያቱንም ሲጠይቁት ግማሽ ክፍያ ግማሽ ቅባት መሆኑን ያስረዳ እንደ ነበር ይነገራል። ከበሩ ላይ ከኪሾር ተጠንቀቁ የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን አንድ የቤንጋል ዝግጅት አዘጋጅ ገንዘቡን ስላልከፈለው፣ ያ ቤንጋሊ ከመጣ አባርረው ብሎ ዘበኛውን አዘዘ። የመጣው ግን ሪሺኬሽ ሙከርጂ የተባለው ዝነኛ ዲሬክተር ነበር፤ እርሱም ቤንጋሊ ስለ ሆነ ዘበኛው ያለ ርኅራኄ አባረረው፤ ኪሾርም አናንድ በተባለው ታላቅ ፊልም የመጫወት ዕድሉ በዚህ አመለጠው ይባላል። ይህ ሪሺኬሽ በ1971 ጉዲ የተባለውን ፊልም ሠራ። በውስጡ አንዲት የሲኒማ ጀግና የምታመልክ ተማሪ ወደ ስቱዲዮ ተወስዳ ዝናቡ በቧንቧ እንደሚዘንብ፣ ገደሉ ከእንጨት እንደ ተሠራ፣ ለጀግናው የሚወድቅለት ሌላ ድኻ ሰው መሆኑን ታያለች። በራሱ ኢንዱስትሪ የሚስቅ ኮሜዲ ለሚወድ ጓደኛ ፓዶሳንና ጉዲን አከታትሎ እንዲያይ እንመክራለን።

ስስታም ነው የሚሉት ይኸው ሰው፣ ሳትያጂት ሬይ የመጀመሪያ ፊልሙን ፓተር ፓንቻሊን ገንዘብ አጥቶ ሲያቆመው ገንዘብ እንደ ረዳው፣ በ1964 በቻሩላታ ፊልምም ያለ ክፍያ እንደ ዘፈነለት ይነገራል። ሰውዬው በአንድ ሚዛን የሚመዘን አልነበረም።

በዚያው በ1964 ራሱ ደርሶ፣ ራሱ ዲሬክተር ሆኖ የሠራው ፊልም አለ፤ ስሙ በሩቅ ሰማይ ጥላ ሥር እንደ ማለት ነው። የሚያስቅ አይደለም። አንድ ወታደር ከጦርነት ሲመለስ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ቤተ ሰቡ ሞቶ፣ የተረፈው ትንሽ ልጁም በድንጋጤ ድምፁ ጠፍቶ ያገኘዋል። ልጁን ሆኖ የተጫወተው የኪሾር የገዛ ልጅ አሚት ነው። ስንት ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ያወጣ ሰው ድምፅ ስላጣ ልጅ ለመሥራት ለምን እንደ ፈለገ ብዙ አውጥተን አውርደናል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ኀዘን ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሩማ ተለያይቶ በ1960 ማዱባላን አግብቷል፤ እርስዋ ግን ከተወለደች ጀምሮ ልብዋ ቀዳዳ የነበረበት በሽተኛ ስለ ነበረች ብዙውን ዘመን በአልጋ አሳልፋ በ1969 በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሞተች። በኋላም ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ ስለዚያ የሐሜት መጽሔቶች በቂ ጽፈዋል።

ማዱባላ በሞተችበት ዓመት አራድና የተባለው ፊልም ወጣ። ኪሾር ለራጄሽ ካና የዘፈናቸው ዘፈኖች ሁለቱንም የዘመኑ ንጉሥ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ ተዋናይነቱ እየደከመ ሄዶ ድምፅ ብቻ ሆነ። ለራጄሽ ካና ብቻ ከሁለት መቶ በላይ፣ በጠቅላላው ከሁለት ሺህ በላይ ዘፈን ዘፈነ፤ ፊልምፌር የተባለውንም ሽልማት በዘፋኝነት ስምንት ጊዜ ወሰደ። ከመዝፈኑ በፊት ተዋናዩ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅና ድምፁን በዚያ ሰው ልክ ይሰፋው ነበር። በመስኮት ሥር መደበቅን የቀለደበት ሰው እንጀራው ከመስኮት ሥር ሆነ።

በጁን 25 ቀን 1975 የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ጋዜጣ ሳንሱር ተደረገ፤ ተቃዋሚዎች በብዛት ታሰሩ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመንግሥት ነበሩ፤ የፊልም ሰዎችም ሃያ ነጥብ ያለውን የመንግሥት ፕሮግራም በዘፈናቸውና በመልካቸው እንዲያስተዋውቁ ተጠየቁ። ብዙዎቹ እሺ አሉ። ለሁሉም ሰው ድምፁን ሲያውስ የኖረው ኪሾር ግን እንቢ አለ።

በሜይ 1976 ዘፈኖቹ ከመላው ህንድ ሬዲዮና ከቴሌቪዥኑ እንዲታገዱ ታዘዘ። ዘፈኑ በሬዲዮ ካልተሰማ ፊልም አሠሪው ሌላ ዘፋኝ መፈለጉ የማይቀር ስለ ሆነ ቅጣቱ በቀጥታ ጉሮሮውን የሚያንቅ ነበር። ዐዋጁ ከተነሣ በኋላ የመንግሥቱን ጥፋት የመረመረው የሻህ ኮሚሽን የዚህን እገዳ ነገር አንሥቶ መርምሮታል። ኪሾር ከእገዳው በኋላ ለባለሥልጣኖቹ እተባበራለሁ ብሎ ደብዳቤ እንደ ጻፈም ይነገራል። እኛ ይህን ለመደበቅ አንፈልግም። ይህ የሕይወት ታሪክ እንጂ ገድል አይደለም፤ እንጀራው የተያዘበት ሰው አንድ ጊዜ እንቢ ማለቱ ብቻ እንኳ በዚያ ዓመት ብዙዎች ያልሞከሩት ነው። በዚያው ዘመን በሥልጣን የተሳለቀው ኪሳ ኩርሲ ካ የተባለ ፊልም ቅጂዎቹ ተወስደው ተቃጥለዋል። በአገራችንም የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን፣ ቀልዱ ባለሥልጣኖችን ስለ ነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል።

አዝማሪን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። አዝማሪ በባላባት ዳስ ውስጥ ሲጠራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወድሳል። ቃሉን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ የጌታውን ንፍገት ለጎረቤት ይናገራል። አልዘፍንም ብሎ መሰንቆውን ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የዚያን ቀን እራት የለም።

ኪሾር በመጨረሻው ዘመኑ ከቦምቤይ ወጥቶ ካንድዋ ገብቶ ለመኖር ይመኝ ነበር። ፊልም የሚባለውን ከተማ እንደሰለቸው፣ ከሰው ይልቅ በግቢው ካሉት ዛፎች ጋር መነጋገር እንደሚሻለው ለሚጠይቁት ጋዜጠኞች ያወራ ነበር፤ ለዛፎቹም ስም አውጥቶላቸው ነበር። እውነቱ ይሁን ቀልዱ ማንም አልለየም። ሳይሄድ ጊዜው አለፈ።

በኦክቶበር 12 ቀን 1987 ከአሻ ቦስሌ ጋር አንድ ዘፈን ቀረፀ። በማግስቱ ኦክቶበር 13 በቦምቤይ በቤቱ ሳለ ልቡ ቆሞ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ቀኑ የታላቅ ወንድሙ የአሾክ የልደት ቀን ነበር፤ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላበት። አስከሬኑ ወደ ካንድዋ ተወስዶ እዚያው በተወለደበት ከተማ ተቃጠለ። አሾክ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት በሕይወት ሲኖር ልደቱን ማክበር ትቶ ነበር ይባላል። ከአሻ ጋር የቀረፀው ዘፈን ያለበት ፊልም በሚቀጥለው ዓመት በ1988 ወጣ፤ በመጋረጃው ላይም ሌላ ሰው አፉን አንቀሳቀሰለት።